አምስተኛው ማሊያ

የሆነ ሽታ መንገድ ላይ አቁሟችሁ ያውቃል? ወዴት እየሄዳችሁ እንደነበር አስረስቶ፣ ሳትፈልጉ ድሮ ወደኖራችሁበት ቤት መልሶ አስገብቷችሁ ያውቃል? እኔ ላይ በቅርቡ ደርሶብኛል። አሁን የማስተምረው ደጋ ላይ ባለችው መካነ ብርሃን ከተማ ነው፤ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ወጥቼ በገበያው ጥግ ሳልፍ፣ ልብስ ሰፊው ደጁ ላይ ቆሞ በከሰል ካውያ ሱሪ ይተኩስ ነበር። እርጥብ ጨርቅ ሱሪው ላይ አንጥፎ ካውያውን ሲጭንበት፣ ጨርቁ ጭስስ ብሎ እንፋሎቱ ከከሰሉ ሽታ ጋር ተቀላቅሎ ፊቴን መታኝ። እግሬ ቆመ። ሰውየው ቀና ብሎ «ምነው መምህርት፣ የሚተኮስ አመጣሽ እንዴ?» ሲለኝ «የለም፣ ዝም ብዬ ነው» አልኩት፤ ሱሪውን አጣጥፎ እስኪጨርስ ድረስ ግን ከዚያ አልተነቃነቅኩም።

ለምን እንደቆምኩ ላስረዳ፤ ማስረዳት ሥራዬ ነው። ያደግኩት ጎንደር ከተማ፣ ከፒያሳ ወደ ታች በሚወርደው መንገድ ዳር ባለ ግቢ ውስጥ ነው። አባቴ የሆስፒታል ላቦራቶሪ ባለሙያ ነበር፤ ከሥራ ሲወጣ ነጭ ጋወኑን አውልቆ፣ ፊሽካውን አንገቱ ላይ አጥልቆ፣ የሰፈራችንን የቅርጫት ኳስ ቡድን ያሠለጥን ነበር። እናቴ ከመሥሪያ ቤቷ ስትመለስ የቡድኑን ማሊያዎች በሳፋ ዘፍዝፋ ታጥብና ግቢው ውስጥ ባለው ገመድ ላይ ታሰጣቸው ነበር፤ ጨዋታ ሊደረግ አንድ ቀን ሲቀረው ደግሞ አባቴ ይተኩሳቸዋል። መብራት በተፈለገ ሰዓት ስለማይገኝ የከሰሉ ካውያ ከቤታችን ወጥቶ አያውቅም። የማሊያው ጨርቅ እሳት ስለማይችል አባቴ ገልብጦ፣ እርጥብ ጨርቅ አልብሶ፣ ቁጥሩ እንዳይቀልጥ እየተጠነቀቀ ነበር የሚተኩሰው፤ አንዳንዴ ግን የቁጥሩ ጫፍ ይነካና ቤቱ የተለበለበ ላስቲክ ይሸታል። ያን ጊዜ እናቴ ከጓዳ ሆና «አቃጠልከው?» ትላለች፣ አባቴም ሁልጊዜ «አላቃጠልኩም» ይላል።

አባቴ የሚተኩሰው ግን ሁሉንም ማሊያ አልነበረም፤ አምስቱን ብቻ ነበር። ቅርጫት ኳስ ለማታውቁ፦ በአንድ ጊዜ ሜዳ የሚገባው አምስት ሰው ነው፣ የቀሩት አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ተራቸውን ይጠብቃሉ። ሰው እየተቀያየረ ሊጫወት ይችላል፣ ጨዋታውን የሚጀምሩት አምስቱ ግን የተለየ ክብር አላቸው። «ጨዋታ የሚጀምር ሰው እንደ ሚዜ አምሮ ነው መውጣት ያለበት፤ የሚቀመጠውንማ መቀመጡ ራሱ ያጨማድደዋል» ይል ነበር አባቴ። ስለዚህ በእኛ ቡድን ነገ ማን እንደሚሰለፍ የሚታወቀው በንግግር ሳይሆን በካውያ ነበር። አመሻሽ ላይ ከተጫዋቾቹ አንዱ ሰበብ ፈልጎ «ደህና ዋላችሁ?» ብሎ ብቅ ይልና፣ እናቴን እየሳመ ዓይኑን ወደ ጠረጴዛው ወርወር አድርጎ፣ ቁጥሩን ካየ ደስ ብሎት፣ ካላየም አንገቱን ደፍቶ ይመለስ ነበር። አባቴ አይናገርም፣ ልጁም አይጠይቅም። በልጅነቴ ይህ ዝምታ ጨዋነት ይመስለኝ ነበር።

ከአምስቱ ማሊያዎች አንዱ፣ ሰባት ቁጥር፣ ምንጊዜም የጋሽ ደምሴ ነበር። ጋሽ ደምሴ በአዘዞ መንገድ ዳር ጎሚስታ ነበረው፤ ጎማ ይለጥፋል፣ ነፋስ ይሞላል፣ መዳፉም በናፍጣ ቢታጠብ የማይለቅ ጥቁር ነበር። ትውልዱ ከጎንደር ወጣ ብሎ ያለው ትክል ድንጋይ ስለሆነ፣ ከዚያ ለጉዳይ የሚመጡ ዘመዶቹ ፎጣቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ሜዳው ዳር ይደረደሩና፣ ሕጉን ባያውቁትም ኳስ በነካ ቁጥር «አያ ደምሴ! ሸጋ! ሸጋ!» እያሉ ይጮሁለት ነበር። ለእኛ ቤት ግን ከተጫዋችም በላይ ነበር። ወንድሜን ናሆምን ክርስትና ያነሳው እሱ ነው፤ አባቴና እሱ በስም አይጠራሩም፣ «አበልጄ» ነበር የሚባባሉት። ናሆም ገና ትንሽ ልጅ ሳለ ጋሽ ደምሴ የአሮጌ መኪና ቸርኬ፣ ጎማው የሚታሰርበትን ክብ ብረት፣ በያጅ ዘንድ ወስዶ፣ መሀሉን አስቆርጦ፣ ማንጠልጠያ ብረት አስበይዶበት፣ የጎሚስታው ግድግዳ ላይ ከፍ አድርጎ ሰቀለለት። የመኪና ቸርኬ ከሜዳው ቅርጫት በጣም ይጠባል። «እዚህ ውስጥ ማስገባት ከቻልክ የሜዳው እንደ ሳፋ ነው የሚሰፋህ» ይለው ነበር። ወንድሜ ከትምህርት ቤት ሲመለስ እየሮጠ እዚያ ይሄድና፣ ጋሽ ደምሴ ጎማ ሲፈታ እሱ ሲወረውር፣ አንዱ ሌላውን ሳያይ «ገባ?» «ገባ!» እየተባባሉ ይውሉ ነበር።

ናሆም ወደ ዋናው ቡድን ያደገው በአንድ ክረምት ነው። የጎንደርን ክረምት ለምታውቁ ብዙ አልናገርም፤ ሜዳው ሲሚንቶ ስለሆነ ውሃ ይተኛበታል፣ ተጫዋቾቹም ከልምምድ በፊት በመጥረጊያ ውሃውን እየገፉ ያወጡት ነበር። ናሆም ከሁሉም ቀድሞ ይሄድ ነበር። እኔም ጃንጥላ ይዤ እከተለውና ከግንቡ ጥግ ሆኜ አየው ነበር፤ ብቻውን ሲሆን ኳሱ ከጣቱ ወጥቶ ቅርጫቱን ሳይነካ መረቡን ብቻ ፏ አድርጎ ያልፋል፣ እርጥቡ መረብም ዙሪያውን ውሃ ይረጫል። ያንን ያየ ሰው ይህ ልጅ ይስታል ብሎ አያስብም። ነገር ግን ዝናቡ አባርቶ ሰው ሜዳውን ሲከብ፣ አባቴም ፊሽካውን ይዞ ዳር ሲቆም፣ የወንድሜ ክንድ የሌላ ሰው ክንድ ይሆናል። ኳሱ አንዴ ይረዝማል፣ አንዴ ያጥራል። ሰፈሩ ደግሞ ምላሱ ስለት ነው። «ኧረ ቅርጫቱን ዝቅ አድርጉለት!» ይላል አንዱ። «ተዉት ባካችሁ፣ ደመናውን ወግቶ ክረምቱን ሊያስወጣልን ነው!» ይላል ሌላው። ይህን ሁሉ ናሆም ይችለው ነበር፣ ይስቅም ነበር። አንዷን ብቻ አይችላትም፤ እሷም «የአሰልጣኙ ልጅ!» የምትለዋ ነበረች። እሷ ስትመጣ ጆሮው ይቀላል፣ ከዚያ በኋላ የሚወረውረው ሁሉ ይስታል።

መስከረም ጠብቶ ውድድሩ ሲጀመር ነገሩ ቤታችን ድረስ ገባ። ጋሽ ደምሴና ናሆም የሚጫወቱት አንድ ቦታ ነው፤ ከቅርጫቱ ስር ቆሞ ተመላሽ ኳስ የሚለቅም፣ ዞሮም የሚወረውር ረጅም ሰው ያስፈልጋል፣ ቡድናችን ውስጥ ረጅሞቹ ሁለቱ ብቻ ነበሩ። ጋሽ ደምሴ አርጅቷል፤ ጉልበቱን በፋሻ ጠቅልሎ ይገባና ከእረፍት በኋላ ሩጫው ወደ እርምጃ ይለወጣል። ተመልካቹም «ጋሽ ደምሴ፣ ነፋስ ሙላ!» ይለዋል። እሱም እየሳቀ «የእኔ ጎማ ተለጥፎ ተለጥፎ ባዶ ቦታ የለውም!» ብሎ ይመልስ ነበር። ቢሆንም ያገኘውን አይስትም፤ እርጋታው ቡድኑን ይይዘው ነበር። ናሆም ግን የሚሮጥ፣ የሚዘል፣ የሚስት ልጅ ነው። ልጅ ደግሞ ካልተሰለፈ አይለምድም፣ ካልለመደ ደግሞ አይሰለፍም። አባቴ ከጨዋታ ጨዋታ ሰባት ቁጥርን ይተኩስ ነበር፤ የወንድሜ አሥራ ሁለት ቁጥርም እንደተጨማደደች ትጣጠፋለች።

እራት ላይ ስለ ሁሉም ነገር እናወራ ነበር፤ ስለ ውሃ መጥፋት፣ ስለ እኔ ፈተና፣ ስለ ጎረቤታችን በግ። ስለ ቡድኑ ግን አናወራም። አሁን ትልቅ ሰው ሆኜ ሳስበው የአባቴ ችግር ይገባኛል። ልጁን ቢያሰልፍ «ለልጁ ሲል አበልጁን ከሜዳ አስወጣ» ሊባል ነው፤ ይህም ቀላል ስድብ አይደለም። ባያሰልፈው ደግሞ ስሙን ለማትረፍ ልጁን መክፈሉ ነው። እናቴ አንድ ቀን ማሊያ ስትጨምቅ «ለሰው ዓይን ስትል ልጅህን እስከ መቼ ነው የምታስቀምጠው?» አለችው። አባቴ «ልጁም ሲያየኝ ነው የሚስተው» ብቻ አለ። ይህን ለእናቴ እንጂ ለናሆም አልነገረውም። ናሆምም ከግድግዳው ማዶ ነበር፤ ይስማ አይስማ አላውቅም።

በጥር፣ ጥምቀት አልፎ የከተማው ግርግር ጋብ ሲል፣ ወሬ መጣ። ከአዘዞ ቡድን ጋር በምናደርገው ጨዋታ ላይ ለክልሉ የወጣቶች ቡድን ተጫዋች የሚመርጡ ሰዎች ሊመጡ ነው። የሚመጡት ለዚያች ጨዋታ ብቻ ነው፤ ናሆም ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት ዕድሜው ያልፋል። ስለዚህ ነገሩ ግልጽ ነበር፦ ቢሰለፍ ይታያል፣ ቢቀመጥ ቅርጫት ኳስ ለእሱ እዚያው ሰፈር ሜዳ ላይ ያበቃል። በዚያ ሰሞን የወንድሜ ጫማ ጎኑ ተቀዶ ስለነበር በረንዳው ላይ ተቀምጦ በወፍራም ክር ሰፋው፣ ስፌቱ እንዳይታይም ነጭ ቀለም ቀባው። ማሊያ የሚተኮስበት ቀን ሲደርስ ወደ ክፍሉ ጠርቶኝ በሹክሹክታ «ማሂ፣ ዛሬ የማን ቁጥር እንደሆነ ብታዪም እንዳትነግሪኝ። ራሴ አየዋለሁ» አለኝ። እኔም በእግዚአብሔር ስም ማልኩለት።

በዚያን ዕለት አመሻሽ ላይ አባቴ ጠረጴዛውን ወደ መስኮቱ አስጠግቶ፣ ከሰሉን አቀጣጥሎ፣ አራቱን ማሊያዎች አንድ በአንድ ተኩሶ ወንበር ጀርባ ላይ ደረደራቸው። ከዚያ ሁለቱን፣ ሰባትንና አሥራ ሁለትን፣ ጎን ለጎን ዘርግቶ ቆመ። ካውያውን ያነሳል፣ ያወዛውዘዋል፣ መልሶ ያስቀምጠዋል። እናቴ ሽንኩርት እየከተፈች ትጠብቀው ነበር።

«አንተ ሰው፣ ከሰሉ አመድ ሆነ እኮ!» አለችው።

«አመድ ይሁን።»

«ልጅህ ነው።»

«እሱም አበልጄ ነው።»

ይህን ሲባባሉ የግቢው በር ተንኳኳና ጋሽ ደምሴ ገባ። እጁን በናፍጣ ታጥቦ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ነበር። ናሆም ከክፍሉ ወጥቶ ወንበር አቀረበለት፣ ጉልበቱን ሊስም ጎንበስ ሲል ጋሽ ደምሴ ቀድሞ አቀፈውና ራሱን ዳበሰው። ከዚያ ተቀምጦ ወሬ ጀመረ። ከደባርቅ ስለመጣ አንድ አይሱዙ ጎማ፣ ስለ ነገው አየር፣ ትክል ድንጋይ ስላሉት ሰዎች መምጣት አወራ። ስለ ጨዋታው ግን ምንም አላለም። ዓይኑ ሁለቱን ማሊያዎች አይቶ ይመለሳል፣ የአባቴም ዓይን የእሱን ዓይን አይቶ ይመለሳል። በመጨረሻ «በሉ እንግዲህ ልሂድ» ብሎ ተነሳ፤ ተነስቶም አልሄደም። ጉሮሮውን ጠረገና፦

«አበልጄ፣ የእኔዋ ማሊያ ደርቃለች?» አለ።

የአባቴ ፊት አንድ ጊዜ ጨለመ፣ ወዲያው ደግሞ ሸክም እንደወረደለት ሰው ቀለለ። ሰውየው በአፉ ጠየቀ፤ ከእንግዲህ የሚመረጥ ነገር አልነበረም። በማራገቢያ ከሰሉን አራግቦ አነደደውና ሰባት ቁጥርን ገልብጦ እርጥብ ጨርቁን ጣለባት። ጋሽ ደምሴ እጁን ዘርግቶ «የለም የለም፣ አበልጄ፣ እኔ እኮ...» አለ።

«ግድ የለህም፣ አሁን ይደርሳል። አረፍ በል» አለው አባቴ።

ካውያው ጭስስ አለ፣ እንፋሎቱም በሁለቱ መካከል ተነሳ። አባቴ እንደዚያን ቀን ተጠንቅቆ ሲተኩስ አይቼው አላውቅም፤ የእጅጌዋን ዙሪያ፣ የአንገቷን ጥግ፣ ሁሉንም። ከዚያ አራት ላይ አጣጥፎ፣ እንደ ስጦታ በሁለት እጁ ይዞ አቀረበለት። ጋሽ ደምሴም በሁለት እጁ፣ ጎንበስ ብሎ ተቀበለ። እንዲህ ተከብሮ የተሰጠውን ልብስ አልፈልግም የሚል ሰው በአገራችን የለም። «እግዜር ይስጥልኝ» አለና ወጣ። ናሆም በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ እኔ ምንም እንድነግረው አላስፈለገም። እናቴ ቢላዋውን አስቀምጣ አሥራ ሁለት ቁጥርን ከጠረጴዛው አነሳችና፣ መዳፏን በልብሷ ጠርጋ፣ ጭምድዱን በእጇ እየዳበሰች ለማቃናት ሞከረች።

በማግስቱ ሜዳው ሞልቶ ነበር። መራጮቹ ከእንጨት አግዳሚ ላይ ተቀምጠው፣ የትክል ድንጋይ ሰዎች ደግሞ እንደ ልማዳቸው ቆመው ነበር። ጋሽ ደምሴ በደንብ ጀመረ። እስከ እረፍት ድረስ እንደ ወጣትነቱ ተጫወተ ማለት ይቻላል፤ ከአንዴም ሁለቴ ቅርጫቱን ጀርባው ላይ አድርጎ ዞሮ አስቆጠረ፣ ዘመዶቹም «ሸጋ!» እያሉ ዱላቸውን ወደ ላይ አነሱ። እኛም እየመራን ወጣን። ከእረፍት በኋላ ግን ተመላሽ ኳስ ሊይዝ ዘሎ ሲወርድ በአንድ እግሩ አረፈና ወደቀ። ጉልበቱን በሁለት እጁ ይዞ፣ ጥርሱን ነክሶ ብቻ ቀረ። ሁለት ሰው ደግፎት ወደ ዳር ሲያወጣው አባቴ ወደ አግዳሚው ዞሮ፣ የልጁን ስም ሳይጠራ፣ በእጁ ብቻ «ግባ» አለው።

ናሆም ሰውነቱ ሳይሞቅ፣ የተጨማደደች ማሊያ ለብሶ ገባ። የመጀመሪያው ኳስ ሲደርሰው ወረወረ፣ ብረቱን መታ፣ ተመለሰ። ሁለተኛውም እንዲሁ። ከኋላ አንዱ «የአሰልጣኙ ልጅ!» አለ፣ ሰውም ሳቀ። ጋሽ ደምሴ መሬት ላይ ተቀምጦ፣ አንድ እግሩን ዘርግቶ፣ በሙሉ ድምፁ «ናሆምዬ! ቸርኬው ነው! ቸርኬው ነው ብለህ ወርውር!» እያለ ይጮህለት ነበር። ናሆም ግን ወደ ቅርጫቱም ወደ ጋሽ ደምሴም አላየም። ያየው ወደ አባቴ ነበር። አባቴ ደግሞ፣ ሲያየኝ ነው የሚስተው ብሎ ስለሚያምን፣ ሊረዳው ፈልጎ ፊቱን አዞረ። እኔ ከሁለቱ ጎን ስለነበርኩ ሁለቱንም ፊቶች አይቻለሁ። ናሆም አባቱ ፊቱን ሲያዞርበት አየ፣ ወረወረ፣ ኳሱም ቅርጫቱን እንኳ ሳይነካ ወደ ሕዝቡ ወጣ። ከትክል ድንጋይ ሰዎች አንዱ ለብቻው እንደሚናገር «ምነው ልጁን፣ ምነው?» አለ። ተሸነፍን። መራጮቹ የአዘዞን አንድ ረጅም ልጅ ጠርተው ሲያነጋግሩ፣ ናሆም ሜዳው ጥግ ቁጭ ብሎ የሰፋውን ጫማ ክር ይፈታ ነበር።

ዐቢይ ጾም ገባ። ጋሽ ደምሴ በከዘራ መሄድ ጀመረ፤ ሐኪም ከእንግዲህ መሮጥ የለም ብሎታል። ለፋሲካ እንደ ወትሮው ቤታችን መጥቶ፣ ከአባቴ ጎን ተቀምጦ፣ አብረው በልተው፣ አብረው ሳቁ። ስለዚያች ማሊያ አንዳቸውም አላነሱም። አባቴ የጉልበቱን ነገር ይጠይቀዋል፣ እሱም የናሆምን ትምህርት ይጠይቃል፤ እንደዚህ እየተጠያየቁ ዋሉ። ክረምት ሲመጣ የሜዳውን ውሃ የሚገፋ ሰው ጠፋ። አባቴ ፊሽካውን ለሌላ ሰው አስረከበ፤ አዲሱ ሰው የራሱን ማሊያዎች ስላመጣ የእኛዎቹ ማዳበሪያ ውስጥ ገብተው አልጋ ስር ተቀመጡ። ናሆም ወደ ጎሚስታው መሄድ ተወ። ቸርኬው ግድግዳው ላይ ዛገ፤ ጋሽ ደምሴም በኋላ በኋላ አሮጌ የጎማ ከመነዳሪ ይሰቅልበት ጀመር።

ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ተምሬ መምህርት ሆንኩ። አምና ለእረፍት ጎንደር ስገባ የተሳፈርኩበት ባጃጅ ጎማው ተነፈሰና የቆመው እዚያው ጎሚስታ ደጃፍ ሆነ። ጋሽ ደምሴ ሸብቷል፤ ተቀምጦ ነው የሚሠራው። አቀፈኝ፣ ሳመኝ፣ «መምህርት ሆንሽ አሉኝ፣ እሰይ!» አለኝ። ጎማው እስኪለጠፍ ስንጫወት፣ ዓይኔ ቸርኬው ላይ ማረፉን አየና የጎማ መፍቻውን አስቀመጠ።

«ያን ዕለት ማሊያዋን ለልጁ ልሰጥ ነበር የመጣሁ» አለኝ። «ሰባቷን እሱ ይልበስ፣ እኔ በቃኝ ልል። ከአፌ መጀመሪያ የወጣው ግን 'ደርቃለች ወይ' የሚለው ሆነ። አባትሽ ካውያውን ሲያነሳ አፌ ተያዘ። እንዴት ብዬ ልመልሳት? ሰው እንዲያ አክብሮኝ!»

«በኋላስ ለምን አልነገርከውም?» አልኩት።

«በኋላማ ምን ሊፈይድ? ሲሰማ ሌላ ሐዘን ነው» አለና ወደ ጎማው ጎንበስ አለ።

በዚያው ቀን ናሆም ዘንድ ሄድኩ። ፒያሳ ካለ አንድ የቤት ዕቃ መሸጫ ተቀጥሮ ይሠራል፤ ወፍሯል፣ ትዳር ይዟል፣ ከሱቁ እስከ ሜዳው ሩቅ ባይሆንም በዚያ መንገድ አይሄድም። ያን ዕለት ጋሽ ደምሴ ለምን እንደመጣ ነገርኩት። ባንኮኒው ላይ ተደግፎ ሰማኝ። ከዚያ ማናችንም ጠይቀነው የማናውቀውን ጠየቅኩት፦ «አንተስ ያኔ ምን ነበር የምትፈልገው? መሰለፍ ነው? ወይስ አባባ አንድ ነገር እንዲልህ ነው?» ወንድሜ ፈገግ አለ፤ የሚያስደስት ፈገግታ አልነበረም። «አሁን ነው የምትጠይቂኝ?» አለኝ። አንዲት ደንበኛ ገብታ ሳፋ ስትጠይቅ ወደ እሷ ሄደ፣ ሳፋዎቹን እያወረደ ያሳያት ጀመር፣ ወደ እኔም አልተመለሰም። መልሱን አሁን የማገኘው አይመስለኝም።

ለአባቴ ግን አልነገርኩትም። ጡረታ ወጥቷል፤ የኤሌክትሪክ ካውያ አለው፣ መብራት ሲኖር የራሱን ሸሚዞች ሁሉ በተርታ ይተኩሳል። አጠገቡ ተቀምጬ ደጋግሜ ልጀምር አሰብኩ፤ ደስ ብሎት ሳየው ተውኩት። እኔም ያው የዚያ ቤት ልጅ ነኝ።

አሁን እዚህ ደጋ ላይ፣ በክፍሌ ውስጥ፣ በየጊዜው አንዱን ልጅ ከሌላው መምረጥ አለብኝ፤ ለጥያቄና መልስ ውድድር ማን ይሂድ፣ ማን ይቅር። እንደ አባቴ ብመርጥ ይቀልለኛል፤ ልጆቹም እንደ ናሆም ዝም ብለው ይቀበሉኛል። ድሮና ዛሬ ያላቸው ልዩነት ይኼው ብቻ ነው፦ እኔ ሁለቱንም ልጆች ጠርቼ አስቀምጥና እጠይቃቸዋለሁ። ብዙ ጊዜ አይመልሱልኝም፤ አንገታቸውን ደፍተው «እርስዎ እንዳሉ» ይላሉ። ጥያቄው ለእነሱም አዲስ ነው። ቢሆንም እጠይቃለሁ።

እናንተም እባካችሁ ሞክሩት። ዛሬ እራት ላይ፣ በዝምታ ስትወስኑለት የኖራችሁትን ሰው፣ ልጃችሁም ይሁን አበልጃችሁ፣ ፊት ለፊት አይታችሁ «አንተ ምን ትፈልጋለህ?» በሉት። ዝም ቢላችሁ ጠብቁት፤ ፊታችሁን ግን አታዙሩበት። ከሰሉ ሳይቀጣጠል ጠይቁት።